የምንጩ ስብሰባ

ስብሰባ የሚጠላ ሰው ሞልቷል። እኔ ግን ጥላቻዬን አሳምሬ፣ ምክንያት ደርድሬለት፣ ከመጻሕፍትም ደጋፊ ፈልጌለት የያዝኩ ሰው ነበርኩ። የቀበሌው ሰው በራችንን ሲያንኳኳ “ቲቸር የሉም” የምትለው ባለቤቴ ለሊሴ ናት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብዬ ስለ ጥንት ግሪኮች አደባባይ አነብ ነበር። ዜጎች ሥራቸውን ጥለው፣ ፀሐይ እየጠበሳቸው፣ በከተማቸው ጉዳይ ሲሟገቱ የሚያሳየውን ምዕራፍ እወደዋለሁ፤ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። የራሴ ቀበሌ አዳራሽ የት እንደሆነ ግን የማውቀው ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ስለሆነ ብቻ ነው።

ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልናገር። ነቀምቴ ተወልጄ ያደግኩ፣ ብዙ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ፣ ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጬ ለአዲስ አበባ መጽሔቶች መጣጥፍ የምጽፍ ሰው ነኝ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚህ ልብስ ሲሰፋ ኖሮ እዚሁ ተቀብሯል። አማርኛዬ የእሱ ነው፤ ቀልዴና ቁጣዬ ግን በኦሮምኛ ነው የሚመጣልኝ። ሁሉም ሰው በአንድ ነገር ሲስማማ ያሳክከኛል። ይህን ጠባዬን ሰፈሩ ያውቃል፤ ለዚህም ነው ነገሩ ሁሉ በእኔ ላይ የተጠነሰሰው።

አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ለሊሴ “ቲቸር የ...” ብላ ጀምራ አቋረጠች። የመጡት ኦቦ ገመቹ ነበሩ፤ እሳቸውን ደግሞ መዋሸት አይቻልም።

ኦቦ ገመቹ የአባቴ የዕድሜ ልክ ወዳጅ ናቸው። አባቴ ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት፣ እኔና ለሊሴ ስንጋባ ሽማግሌ ሆነው የተላኩት እሳቸው ናቸው። በቤተ ክርስቲያናቸውም በሰፈሩም ሽማግሌ ናቸው። የእሳቸው ምርቃት ደግሞ ዝም ብሎ ምርቃት አይደለም። ከከተማችን አቅራቢያ፣ ጉቴ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች በቡና መሬት ተጣልተው ፍርድ ቤቱን ሲያሰለቹ ከኖሩ በኋላ፣ ኦቦ ገመቹ ሄደው አስታርቀው መረቋቸው። ሁለቱም መዳፋቸውን ዘርግተው “ሃ ታኡ”፣ ይሁን፣ አሉ። በቃ። አንደኛው እስከ ዛሬ ተበድያለሁ ብሎ ያምናል፤ ግን ነገሩን አያነሳም። እኛ ዘንድ ከምርቃት በኋላ ነገር የሚያነሳ ሰው፣ ከተከራካሪው ጋር ሳይሆን ከመራቂው ጋር፣ ከእሳቸውም አልፎ ከፈጣሪ ጋር እንደተጣላ ነው የሚቆጠረው።

“አካም ቡልቴ?” አሉ፣ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው።

“ነጋ፣ ገለተ ዋቃ” አልኩ፣ ሰላም ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን። “ይግቡ።”

“አልገባም። ‘የለም’ እንዳታስብል ብዬ ነው በጠዋት የመጣሁት። ቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ አለ።”

“ኦቦ ገመቹ...”

“የምንጩ ጉዳይ ነው።”

ምንጩ ከሰፈራችን በታች፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። የቧንቧ ውሃ በነቀምቴ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ እንቀበለዋለን፣ ሲቀር አንጠይቀውም። ሲቀር ሰፈሩ በሙሉ ጄሪካኑን ይዞ ወደ ምንጩ ይወርዳል። እዚያ አዴ ወርቂቱ፣ ወይዘሮ ወርቂቱ እንደማለት፣ አለች። ከኑኑ ቁምባ ተነስታ ልጆቿን ይዛ የመጣች ሴት ናት፤ ከምንጩ በሚፈሰው ውሃ የሰው ልብስ እያጠበች ትኖራለች። የእኔም አንሶላ የሚታጠበው እዚያው ነው።

“ምንጩ ምን ሆነ?”

“አንድ ባለሀብት አጥሮ ላቫጆ ሊሠራበት ይፈልጋል። ላቫጆና ካፌ።”

“ሰው የሚጠጣውን ውሃ መኪና ሊታጠብበት?”

“እኔም እንደዚሁ ነው ያልኩት” አሉ ኦቦ ገመቹ። “እናንተ የተማራችሁት ካልተናገራችሁ ማን ይናገራል?”

“ያለቀ ነገር ነው እኮ። ስብሰባው ለሻዩ ነው።”

“አላለቀም። ሕዝቡ እጁን አውጥቶ ነው የሚወስነው። የቀበሌው ሊቀመንበር በራሱ አፍ ነግሮኛል። አባትህ ቢኖር ይሄድ ነበር።”

“አባቴ ቢኖር ልብስ ይሰፋ ነበር።”

ሳቁ። ከዚያ በከዘራቸው ጫማዬን ነካ አደረጉና “ይህችን ምላስ እዚህ አታባክናት፤ ቅዳሜ ይዘሃት ና” አሉኝ።

ለሊሴ እሳቸው ከሄዱ በኋላ “ሂድ” አለች። “ስንት ዓመት ‘የለም’ እያልኩ የዋሸሁት እንኳ ቢቀልልኝ።”

እና ሄድኩ። መሄድ ብቻ አይደለም፣ ሰው ቀሰቀስኩ። ዘግይቶ የጀመረ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከቤት ቤት ዞርኩ። ባለሱቁ ከድር ቤተሰቡ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ የከረመ፣ የሰፈሩን ሁሉ ጓዳ የሚያውቅ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅህን ዝጋ ስለው ሚዛኑን አስቀምጦ አየኝ።

“ቲቸር፣ አሞሃል? ቅዳሜ እኮ ነው። አንተ ብትዘጋ መጽሐፍህን የሚሰርቅ የለም።”

“ምንጩ ከተዘጋ በምን ውሃ ሻይ ታፈላለህ?”

“ለስላሳ እሸጣለሁ። እንዲያውም ይበጀኛል” ካለ በኋላ ትንሽ አሰበና “እሺ፣ እዘጋለሁ። ግን ብንሸነፍ የቅዳሜ ኪሳራዬን አንተ ትጽፍልኛለህ፣ በመጽሔት” አለ።

አዴ ወርቂቱን ያገኘኋት ምንጩ ዳር ነው፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

“እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን እላለሁ፣ ቲቸር?”

“የምታውቂውን።”

“የማውቀው መጭመቅ ነው” አለችና አንሶላዬን ጠመዘዘችው። “ሰብሳቢዎቹን መጭመቅ ይቻላል?”

“ልንሞክር ነው።”

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የፕላስቲክ ወንበሩ አልበቃ ብሎ ወጣቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ውጭ ሰማዩ ጠቁሯል። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፤ በጉባኤ ፊት ለፊት ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ኦቦ ገመቹ ተነስተው በምርቃት ከፈቱት። ሁላችንም መዳፋችንን ወደ ላይ ዘረጋን። ከተማችን ሰላም ትሁን፤ ሃ ታኡ። ዝናሙ በጊዜው ይምጣ፤ ሃ ታኡ። ምላሹ እንደ አንድ ሰው ድምፅ ከወለሉ ይነሳል። ስብሰባ የምንጠላ ሰዎች ይህን አናውቀውም ነበር።

ሊቀመንበሩ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ አንደበቱ ርቱዕ ነው። የላቫጆው ሥዕል ያለበት ትልቅ ሸራ ተሰቅሏል። በሥዕሉ ላይ መኪኖቹ ያበራሉ፣ ዛፎቹ የእኛ አይደሉም፣ የሚዝናኑት ሰዎችም የእኛ አይደሉም። “ለወጣቶቻችን የሥራ ዕድል ይፈጥራል” አለ። “ስለዚህ ሕዝባችን ግብዓት ይስጠን።”

ግብዓት የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ሲሚንቶም ግብዓት ነው። ሲሚንቶ ሕንፃው ውስጥ ይገባል እንጂ ሕንፃው የት ይሠራ ተብሎ አይጠየቅም። ይህን ያኔ አላሰብኩም፤ ያኔ እጄን አውጥቼ ነበር።

ምን እንዳልኩ በሙሉ አልጽፍም፤ ራሴን ማወደስ ይሆናል። በኦሮምኛ ጀመርኩ፣ በአማርኛ ተናደድኩ፣ በኦሮምኛ ጨረስኩ። ምንጩ የማን እንደሆነ፣ ቧንቧው ሲቆም ወዴት እንደምንሄድ፣ ሌላ ቦታ ለምን እንዳልተፈለገ ጠየቅኩ። ተጨበጨበ። እጅግ ደስ አለኝ።

ከድር ተነሳ። “አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ መኪና ያለው ማነው?” አለ። አንድ ሰው ከኋላ “አማቼ አለው!” ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከድር ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ “ውሃ የሚጠጣስ?” አለና ተቀመጠ።

ከዚያ አዴ ወርቂቱ ቆመች። ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ነበር፤ ለቀቀችው።

“እኔ ከኑኑ ቁምባ ስመጣ ይህ ሰፈር ማንነቴን አልጠየቀኝም፤ ውሃውን አሳየኝ” አለች። “ልጆቼ ያደጉት በዚያ ውሃ ነው። ብታጥሩት ነገ ጠዋት ልብሱን ተሸክሜ ወዴት ነው የምሄደው? ይህንን ንገሩኝና እቀመጣለሁ።”

ቆማ ቀረች። ዝናሙ የቆርቆሮ ጣራውን ይደበድብ ጀመር፣ የተቀመጡት ሴቶች አጉረመረሙ፣ ከኋላ አንድ ድምፅ “እጅ ይውጣ!” አለ። ሌላውም ተቀበለ። “እጅ ይውጣ! እጅ ይውጣ!”

የሊቀመንበሩን ፊት አየሁት። ተጨንቋል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ እሱ ግን ያዳምጣል፣ ይጽፋል፣ ፈገግ ይላል። ማይክሮፎኑን አነሳና “ደስ የሚል፣ ሞቅ ያለ ውይይት ነው። ሻይ ደርሷል፤ ከሻይ በኋላ እጅ እናወጣለን” አለ።

ሻይና ዳቦ ታደለ። ሰው እየመጣ ትከሻዬን ይመታል። ከድር በሁለት እጁ ሁለት ዳቦ ይዞ “ብላ፣ አሸንፈናል” አለኝ።

“ገና አልተቆጠረም።”

“ቤቱን አየኸው አይደል? ላቫጆውን ለራሳቸው መኪና ያስቡበት።”

በበሩ በኩል ኦቦ ገመቹን አየኋቸው። ከጣራው ጠርዝ ሥር ቆመዋል፤ ሊቀመንበሩ ጃንጥላ ይዞላቸዋል፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጆሯቸው ያወራል። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። እየገሠጹት ነው ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌ ማለት ይኼ ነው፤ እኛ በአደባባይ እንጮኻለን፣ እሳቸው ደግሞ በጎን ልቡን ያለሰልሱታል ብዬ ዳቦዬን ገመጥኩ።

ስንመለስ ዝናሙ በርትቷል። ሊቀመንበሩ ተነሳ። “ወገኖቼ፣ ሰዓቱም ሄዷል፣ ባጃጅም ሳይቆም መግባት አለባችሁ። ወደ እጅ ማውጣቱ ከመግባታችን በፊት አባታችን አንድ ቃል ይስጡን።”

ኦቦ ገመቹ ተነሱ። ከዘራቸውን ለጎረቤታቸው ሰጡ። ሁለት እጃቸውን ሲያነሱ አዳራሹ በሙሉ ከወንበሩ ተነሳ፤ ማንም እንዲህ አድርጉ አላለም፣ እኛ ሁልጊዜም እንዲህ ነን። መዳፎች ተዘረጉ።

“አምላክ የተናገሩትን አፎች ይባርክ።”

“ሃ ታኡ።”

“ቁጣችሁን ያብርድ።”

“ሃ ታኡ።”

“ልጆቻችሁ ሥራ አይጡ፣ ሥራ ያግኙ።”

“ሃ ታኡ።”

“እናቶች በሰላም ይግቡ።”

“ሃ ታኡ።”

“በምንጩ ላይ የሚሠራው ለሰፈራችን በረከት ይሁን።”

“ሃ ታኡ።”

ድምፄን ሰማሁት። የእኔን ድምፅ ነው የምላችሁ። ዜማው ይዞት ነበር፤ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ትርጉሙ ጆሮዬ የደረሰው። ከፊት ለፊቴ አዴ ወርቂቱ መዳፎቿን እንደዘረጋች ነበረች፤ ከንፈሯ ገና “ኡ” ላይ ነው። ዓይኗ ግን ኦቦ ገመቹ ላይ ተተክሏል፣ ደንግጦ።

ምርቃቱ ቀጠለ። ምኑን እንደመረቁ አላስታውስም። ሲጨርሱ ሊቀመንበሩ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ከፊት የተቀመጡት ተከተሉት።

“እነሆ፣ አባታችን መረቁት፣ ሕዝባችንም በአንድ ድምፅ ይሁን አለ። ከዚህ በላይ ስምምነት የለም። እናመሰግናለን።”

“እጅ አልወጣም!” አልኩ። ድምፄ በዝናሙ ውስጥ ቀጭን ሆነ። “እጅ እናወጣለን ብለሃል! ይቆጠር!”

ከጎኔ ያሉ አንድ አዛውንት ኮቴን ሳቡኝ። በመቆጣት አይደለም፤ በማዘን፣ ባለጌ ልጅን እንደሚያስቀምጡ። “ቲቸር፣ ተመርቋል እኮ” አሉኝ በጆሮዬ።

ዞሬ ቤቱን አየሁት። ያ ሁሉ “እጅ ይውጣ” ያለ ሰው ዓይኑን ከእኔ ይደብቃል። ፈርተው አልነበረም፤ ሊቀመንበሩን ቢሆን ኖሮ ይጮኹበት ነበር። በምርቃት ላይ ግን አይጮኽም። ከድር ባዶ የሻይ ብርጭቆውን አተኩሮ ያያል። ኦቦ ገመቹን ፈለግኳቸው፤ ከዘራቸውን ተቀብለው በጎን በር እየወጡ ነበር።

አመሻሹ ላይ ከድር ስልኩን ይዞ መጣ። ስብሰባው በአንድ የፌስቡክ ገጽ ላይ ወጥቷል። “ሞቅ ያለ ውይይት ከተደረገ በኋላ ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ደገፈ” ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ። ፎቶው ላይ እኔ ነኝ፤ ጣቴን ወደ ሰማይ አንስቼ፣ አፌን ከፍቼ፣ ከጀርባዬ ሰው እያጨበጨበ።

“ቆንጆ ወጥተሃል” አለ ከድር። ከዚያ ቀልዱ ራሱን አሳዝኖት ይሁን አላውቅም፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ ወጣ።

በማግስቱ ኦቦ ገመቹ ቤት ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የክት ኮታቸውን አላወለቁም። እንደምመጣ የጠበቁ ይመስላሉ፤ ሁለተኛ ወንበር ወጥቷል። አልተቀመጥኩም።

“ለምን?” አልኳቸው።

“ቁጭ በል።”

“ለምን፣ ኦቦ ገመቹ?”

“ለሰላም ነው። ክርክሩ ቢከር ወጣቶቹ ይነሱ ነበር። ቢነሱ ማን ነው የሚታሰረው? እኔ ነኝ? የሰው ልጅ ነው።”

“ሊቀመንበሩ ሻይ ላይ ነው ይህን የነገርዎት?”

ዓይናቸውን ወደ ግቢው በር አዞሩ። ይህ አንድ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

“ወይስ ከዚያ በፊት?”

ከዘራቸውን አገላበጡ። “አስቀድሞ መጥቶ ነበር” አሉ በመጨረሻ። “ነገሩ ከላይ ያለቀ ነው አለኝ። ግን ባለፈው ስብሰባ ማንም ሳይናገር ስለቀረ፣ ይህ ምን ተሳትፎ ነው ብለው ከበላይ ወቅሰውታል። የሚናገር ሰው ይምጣ አለ። ሕዝቡ ይናገር፣ ይውጣለት፣ ከዚያ እርስዎ ይመርቁልናል አለኝ።”

ወንበሩን ያዝኩት፤ ግን አሁንም አልተቀመጥኩም።

“የሚናገር ሰው” አልኩ። “እኔን።”

“አንተ መናገር ትወዳለህ።”

“በሬ ላይ ቆመው ‘አላለቀም’ ብለውኛል። የአባቴን ስም ጠርተው።”

“ያለቀ ነው ብልህ ትመጣ ነበር?”

“አልመጣም ነበር!”

“ታዲያ” አሉ፣ ክርክሩን ያሸነፉ ያህል። ከዚያ ግን ድምፃቸው ወረደ። “ሁሉም የልቡን ተናገረ፣ ማንም ሳይጎዳ ቤቱ ገባ። ይህ ትንሽ ነገር ነው? አንተ መጽሐፍ ታነባለህ፤ እኔ ልጆች ስቀብር ነው የኖርኩት።”

ይህ ቃል እውነት ነው፤ ሊያስቆመኝም ይገባ ነበር። ዛሬም ድረስ ቀላል መልስ የለኝም። ያኔ ያልኩት ግን ይህን ነው፦ “ምርቃት ውስጥ ላቫጆ አስገቡ እኮ፣ ኦቦ ገመቹ።”

ዓይናቸው እንባ ሞላ። “ቁርስ ቀርቧል፤ ቅመስ” አሉኝ። ሳልቀምስ ወጣሁ። በእኛ አገር ከሽማግሌ ቤት ሳይቀምሱ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ምንጩ በቆርቆሮ ታጠረ። አዴ ወርቂቱ አሁን ልብስ የምታጥበው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ወንዝ ነው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ የምትወስደው ልብስ ቀንሷል፤ ትልቋ ልጇም ትምህርቷን ትታ ትሸከምላታለች። ቧንቧው ሲቆም ሰፈሩ የአህያ ጋሪ ውሃ ይጠብቃል። አንድ ቀን ጋሪው ዘንድ ተሰልፈን ሳለ ኦቦ ገመቹ ጄሪካናቸውን ይዘው መጡ። አዴ ወርቂቱ እንደ ወጉ ቦታዋን ለቀቀችላቸው። “በረከት ያግኝሽ፣ ልጄ” አሏት። ሰልፉ በሙሉ ሰማ። ማንም “ሃ ታኡ” አላለም፣ እሷም። ሽማግሌ መርቆ መልስ ሲያጣ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ጄሪካናቸው እስኪሞላ ድረስ ሁላችንም ውሃው ሲወርድ አየን።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ አዲስ አበባ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ታሪኩን ስነግራችሁ “ታዲያ ለዚህ አይደል የማንሄደው” ብላችሁኝ ነበር። አጨበጨባችሁልኝ ማለት ይቻላል፤ በመጨረሻ ወደ እናንተ የመጣሁ መስሏችሁ። አዝናለሁ፣ መስማማት አይሆንልኝም። እናንተ የማትሄዱበትን ስብሰባ ነው ሊቀመንበሩ “ማንም ሳይናገር ቀረ” ያለው። በቤታችሁ መቀመጣችሁ አልጎዳውም፤ የጎዳው ሪፖርቱን ብቻ ነው፣ ለሪፖርቱ ደግሞ እኔን አገኘ። እኛ ቀሪዎችና እኛ ተናጋሪዎች ሳንገናኝ አብረን ስንሠራለት ነበር።

እኔ የተከዳሁት በኦቦ ገመቹ ነው፤ ይህን አላለሳልሰውም። ግን አንድ ነገር ሌሊት ሌሊት ሲያብሰለስለኝ ቆይቶ ገባኝ። ተናግሬ ስጨርስ፣ ጭብጨባውን ስሰማ፣ የዜግነት ሥራዬ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለመናገር ተዘጋጅቼ ለመቆጠር አልተዘጋጀሁም። ውሳኔው በየትኛዋ ቅጽበት እንደሚያልፍ አልጠየቅኩም፤ ያለፈው ደግሞ ሁላችንም ቆመን፣ በትሕትና፣ መዳፋችንን ዘርግተን ሳለ ነው። በግሪኮቹ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ንግግሩ ውበት ብዙ ተጽፏል። ድምፁን ማን እንደቆጠረ የሚናገረውን ገጽ ሁልጊዜ እዘልለው እንደነበር አሁን ተመልሼ ሳየው አወቅኩ፤ አሰልቺ ገጽ ነው። እባካችሁ እሱን አንብቡት።

በቅርቡ ሌላ ስብሰባ ተጠራ። ጉዳዩ ትንሽ ነው፤ የባጃጅ ተራው ከትምህርት ቤቱ በር ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚል። ለሊሴ “አለ፣ ይመጣል” ብላ መለሰችላቸው፣ ሳትጠይቀኝ። ሄድኩ። ከድርም፣ እያጉረመረመ፣ ሱቁን ዘጋ። አዴ ወርቂቱ ከወንዝ ተመልሳ፣ የቀሚሷ ጫፍ እንደረጠበ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ሊቀመንበሩ ያው ነው። ገና ሳይጀምር እሷ እጇን አነሳች።

“ሊቀመንበር፣ ዛሬ እጅ ሳይቆጠር አይመረቅ። ሻይም አይምጣ። ከቆጠራችሁ በኋላ ሁለቱንም እንቀበላለን።”

አንድ ሰው “ልክ ናት” አለ፤ ሌላም ደገመ። ሊቀመንበሩ በፈገግታው ዙሪያውን ተመለከተ፣ ነገሩም ትንሽ ነውና “እሺ” አለ።

ተቆጠርን። እኛ ተራው ለልጆቹ ሲባል ይነሳ ያልነው አነስን፤ ባጃጅ ቅርብ የፈለገው ሰው በዛ። ተሸነፍን፤ ግን በእጅ፣ በቀን ብርሃን፣ ማን ከማን ጋር እንደሆነ እየተያየን። ኦቦ ገመቹ ከእኛ በተቃራኒ ነበሩ። ጉልበታቸው እንደማያስኬዳቸው ተናግረው፣ እጃቸውን አንስተው፣ ቆጣሪው እስኪያልፋቸው ያዙት። ተቃወሙኝ፣ ፊት ለፊት።

ስንወጣ በሩ ላይ ተገናኘን። ከዚያ እሑድ ወዲህ አላነጋገርኳቸውም ነበር።

“አካም ኦልተን፣ ኦቦ ገመቹ?” አልኳቸው፣ እንዴት ዋሉ ማለቴ ነው።

ቆመው አዩኝ፤ የሰሙትን ያላመኑ መሰሉ። ይቅር አላልኳቸውም፤ ምንጩ ዛሬም ታጥሯል፣ የወርቂቱም ልጅ ዛሬም ልብስ ትሸከማለች። ነገር ግን እጁን አንስቶ የተቃወመኝን ሰው ሰላም ማለት አያቅተኝም።